ሲስተር ፕላስተርና የቀኝ በኩል ወንበር

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ፕላስተር ያልተለጠፈበት ነገር ቢኖር አየሩ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚይዝላት ብታገኝ አትምረውም ነበር ይሏታል። ለዚህ ነው በስሟ የሚጠራት ሰው የጠፋው። የሥራ ጓደኞቿ «ሲስተር ፕላስተር» አሏት፣ በዚያው ጸደቀባት። ነጩ ጥቅል ከጋውኗ ኪስ፣ እስክሪብቶው ከጆሮዋ ጀርባ አይጠፋም። ማቀዝቀዣው ላይ «መድኃኒት እንጂ ምሳ አይደለም» ብላ ለጥፋለች። የዶክተሩ ስኒ ላይ «የዶክተር ነው፤ የጠጣበት ሌሊት ይጠራል» ብላለች። ወለሉ ላይ ሳይቀር ጋሪው የሚቆምበት፣ ባልዲው የሚያርፍበት፣ የጠያቂ ወንበር የሚቀመጥበት ቦታ በፕላስተር አራት ማዕዘን ተከልሏል። አንድ ቀን ጽዳት ሠራተኛዋ ደክሟት መሀል ወለል ላይ ቆም ብትል «ኧረ ተንቀሳቀሺ፣ ትከልልሻለች!» ብለው አባረዋታል።

ሥራዋ ነርስነት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ከዚያ ውስጥ አስራ ሁለቱን ከኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ጋር አሳልፋለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፣ በወር ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል። ቤቱን የሚሞሉት አማቷ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቤት ብቻ አይደለም የሚሞሉት፤ ማን ተጣላ፣ ማን ታረቀ፣ የማን ቤት አጥር ወደ ማን ቤት ገባ፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ተመዝግቦ ይገኛል። ሲስተር ፕላስተርም ወሬ ነፍሷ ነው። መስማት ነው ታዲያ። ከሆስፒታል ግን አንዲት ቃል አታወጣም። አማቷን የሚያንገበግባቸው ይኼው ነው።

«እኔ የሰፈሩን ሁሉ ፊትሽ አቀርባለሁ። አንቺ አንድ በሽተኛ እንኳን ትነፍጊኛለሽ!»

«የታመመ ሰው ነገር አደራ ነው እማማ።»

«አደራውን ከእኔ ጋር ተካፍለሽ ብትይዢው ይቀልልሽ ነበር።»

በዚያ ሰሞን አራት ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት አንድ ባለወፍጮ ነበሩ። ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ቅንድባቸው ላይ እስካሁን ዱቄት ያለ የሚመስል ሽበታም ሰው ናቸው። ጨጓራቸው ቆስሎ ኖሮ በድንገት ደማ፣ በቀዶ ጥገና ተሰፋ። ግን ብዙ ደም ፈሶ ስለነበር ኩላሊታቸው ደንግጦ ሥራ አቆመ። የሽንት ከረጢታቸው ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ተንጠለጠለ። እግራቸው አበጠ፣ ደማቸው ውስጥ መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ተጠራቀመ። ኩላሊታቸው እንደሚመለስ ዶክተሩ ተስፋ አለው፤ እስኪመለስ ድረስ ግን ሥራውን ሌላ ካልሠራላቸው ሰውየው አይቆዩም። አራት ሰዓት ውስጥ የሚጠናቀቀውን የተለመደ እጥበት የደም ግፊታቸው አይችለውም። ስለዚህ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቀስ እያለ የሚያጥበው ማሽን ተገጠመላቸው። ደማቸው አንገታቸው ላይ በቀኝ በኩል በገባ ቱቦ ይወጣል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ታጥቦ በዚያው ቱቦ በሌላኛው ቀዳዳ ይመለሳል።

ችግሩ ደም ከሰው ገላ ሲወጣ ጠባዩ ይለወጣል። ፕላስቲክ ሲነካ ይደነግጣል፣ ይሰበሰባል፣ ይረጋል። የረጋ ማጣሪያ ደግሞ ይጣላል፤ ውስጡ የቀረው ደምም አብሮ። ይህን የሚከለክል የቆየ መድኃኒት አለ፣ ሄፓሪን ይባላል። ሄፓሪን ግን ማሽኑ ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ ሰውየው ገላም ይገባል። ገና ስፌቱ ያልደረቀ ጨጓራ ላለው ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መስጠት የተሰፋውን መልሶ እንደ መተርተር ነው።

ስለዚህ ሲትሬት በሚባል ሌላ መድኃኒት ያዙት። ሲስተር ፕላስተር ይህን ለተማሪዎች ስታስረዳ በምታውቀው ነገር ነው። «ካልሲየም ማለት የሰፈር ወሬ አገናኝ ሴትዮ ናት» ትላለች። «እሷ ከሌለች ስብሰባው አይሰምርም፣ ደሙም አይረጋም። ሲትሬት ደሙ ገና ወደ ማሽኑ ሲገባ ይቺን ሴትዮ እጇን ይዞ ጥግ ያቆማታል። ደሙ ማጣሪያውን በሰላም ያልፋል። ወደ ሰውየው ሲመለስ ደግሞ በሌላ መስመር አዲስ ካልሲየም እንሰጣቸዋለን፣ ምክንያቱም ገላቸው ውስጥ ሴትዮዋ ታስፈልጋለች። በየጥቂት ሰዓቱ ሁለት ቦታ እንለካለን፣ ከማጣሪያው በኋላ ዝቅ ማለት አለባት፣ ከሰውየው ሲቀዳ ልክ መሆን አለባት። ገባችሁ?» ተማሪዎቹ ይገባቸዋል። ፈተና ላይም «ወሬ አገናኝ ሴትዮ» ብሎ የጻፈ አለ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተገጠመ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ረጋ። ሁለተኛው በዚያው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ተገጠመ፣ ሌሊቱን በሰላም አደረ፣ ሲነጋም ደህና ዋለ፤ በማግስቱ አስር ሰዓት ከአርባ ላይ እሱም ጥቁር ቀይ ሆኖ ድርቅ አለ።

ሲስተር ፕላስተር ዕቃ ክፍል ሄዳ ተመለሰች። በእጇ የያዘችው አንድ ካርቶን ነው።

ዶክተሩ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሲጨነቅ የመነጽሩን እግር የሚነክስ ሰው ነው። «ሌላስ?» አላት።

«ሌላ የለም። የሚቀጥለው ዕቃ የሚገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።»

መነጽሩን ነከሰ። «ዛሬ ማታ ያለ ማሽን ይደሩ። ነገ ጠዋት ይቺን የመጨረሻዋን እንገጥማለን። በሄፓሪን ነው ግን።»

«ጨጓራቸውስ?»

«ሲስተር፣ ይቺም ከረጋች ሰውየውን በእጃችን ይዘን ቁጭ ልንል ነው። ከሁለት ክፉ አንዱን እየመረጥኩ ነው።»

ባለወፍጮው ዓይናቸውን ገልጠው ሁለቱንም በተራ ያያሉ። ምን እንደተባለ የሰሙ አይመስሉም። ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ደግሞ የጠያቂ ሰዓት አልቆ በሩ ላይ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «በሉ ልጆቼ፣ ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ይመርቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ፕላስተር ሻይዋን ስትጠጣ ልቧ እዚያው አራት ቁጥር አልጋ ላይ ነበር። አማቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቷል። ታሟል ይሉታል። ይማረውና፣ ኩራቱን ግን አብሮ ያሽለው።»

ስኒዋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። «የቱ ወፍጮ ቤት?»

«ከመታጠፊያው ያለው ነዋ! እኔ እንኳን ‹ግማሽ ሰላምታ› ነው የምለው። ሳይዘጋ በፊት አንድ ቀን ወደ ላይ ስወጣ በሩ ላይ ቆሟል፣ ‹እንደምን ዋልክ› ብለው ጎንበስ ብሎ፣ ስቆ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ብሎ ተቀበለኝ። ስመለስ እዚያው ቆሟል፣ ‹ደህና ዋል› ብለው ዘጋኝ! ግድግዳ! ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ እንዴት ይለወጣል? ጎረቤቶቼንም ጠየቅኋቸው፣ ግማሹ መልአክ ነው ይላል፣ ግማሹ ጉረኛ ነው ይላል።»

«ሲወጡ በየት ጎኑ ነው የመጡት?»

«ምን በየት ጎኑ አለው? በጎኑ ነዋ!»

«እማማ፣ እስቲ ያሳዩኝ።»

አማቷ ወሬያቸው ይህን ያህል ተፈላጊ ሆኖ አያውቅምና ደስ አላቸው። ማንቆርቆሪያውን መሀል ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። «ይኸው እሱ ነው። አፍንጫው ይኸ የሚቀዳው ነው። እኔ ስኳሩ ነኝ።» የስኳሩን ቆርቆሮ እየገፉ ወደ ላይ ወጡ። በማንቆርቆሪያው ግራ በኩል መጡ። «እዚህ ጋ ሳቀ።» ስኳሩን አሳልፈው ዞር አደረጉና ተመለሱ። በቀኝ በኩል። «እዚህ ጋ ዘጋኝ። ምን ሆነሽ ነው የምትነሺው? ሻይሽን!»

«እማማ፣ ይባረኩ!» አለችና ግንባራቸውን ስማ ወጣች። አማቷ ስኳሩን እንደያዙ «ምን አልኩ እኔ?» እያሉ ቀሩ።

ሆስፒታል ስትደርስ ዶክተሩ አልጋው አጠገብ ነው፣ ሄፓሪኑ በስሪንጅ ተሞልቶ ትሪ ላይ ተቀምጧል። ጋውኗን ሳትቆልፍ የሁለቱን ቀን የክትትል ወረቀት ፊቱ ዘረጋችው።

«ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ካልሲየም እይ። ሁሉም ልክ ነው። ሲትሬቱ ሥራውን ሠርቷል። አንዱ ማጣሪያ ስምንት ሰዓት ሳይሞላው ነው የሞተው፣ ሌላው ከሃያ ሰዓት በላይ ኖሮ። ሁለቱም ግን የሞቱት በጠያቂ ሰዓት ነው። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ከሆነ የጠያቂ ሰዓት በምን ያውቃል?»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። «እና ማነው ገዳዩ?»

«ሰውየው ቀኝ ጆሯቸው የማይሰማ ይመስለኛል። የጠያቂው ወንበርም ቱቦውም በቀኝ ናቸው።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

ስኳሩንና ማንቆርቆሪያውን አሰበች። «ምንጬን አልናገርም። አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ። በሲትሬት እንጀምር።»

መነጽሩን ነከሰ፣ መልሶ አደረገው። «እስከ ዛሬ የጠያቂ ሰዓት ማብቂያ። የማጣሪያው ግፊት መውጣት ከጀመረ ግን፣ መርጋት ጀመረች ማለት ነውና፣ ሳልጠይቅሽ ሄፓሪኑን እጀምራለሁ።»

ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ማጣሪያ ተገጠመች። ሲስተር ፕላስተር ያሰበችው ጠያቂ ከመግባቱ በፊት የጠያቂውን ወንበር ወደ ግራ ለማዛወር ነበር። እትዬ ግን የበሩን ጥበቃ እንዴት አድርገው እንዳግባቡት አይታወቅም፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ገብተው ተገኙ። እሷ የካልሲየሙን ውጤት ከላቦራቶሪ ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው።

እትዬ በቀኝ በኩል፣ ማሽኑ አጠገብ፣ በፕላስተር በተከለለችው አራት ማዕዘን ውስጥ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«የልብስ ሰፊው ልጅ ልታገባልህ ነው» አሉ።

«እ?» አሉ ባለወፍጮው።

«የልብስ ሰፊው! ትልቋ! ማንን መሰለህ?»

ይኼኔ ባለወፍጮው ወሬው እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን ወደ ሚስታቸው ጠመዘዙ። የሚሰማው ግራ ጆሯቸው ከትራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ዞረ፣ አገጫቸው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ተደፋ፣ አገጫቸው ሥር ያለው ቱቦ ደግሞ እንደተረገጠ የውኃ ጎማ እጥፍ አለ። ማሽኑ ደም መሳብ አቃተው። መሽከርከሩን አቆመና ጮኸ።

እትዬ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ወደ ማሽኑም ዞር ሳይሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው የደወል ሥዕል ያለበትን ቁልፍ በጣታቸው ጫን አሉት። ጩኸቱ ጠፋ። «ያን የመኪና ጠጋኙን! ያንን ከንፈሩን የሚመጠውን!» ብለው ቀጠሉ።

ደሙ ቱቦው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሲስተር ፕላስተር እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። በአንድ እጇ የባለወፍጮውን አገጭ ቀና አደረገች፣ በሌላው ቱቦውን አቃናች፣ ማሽኑን አስነሣች። መዞር ጀመረ። ቁጥሩን አየች። የማጣሪያው ግፊት ትንሽ ወጣ፣ አመነታ፣ ወደ ቦታው ወረደ። እሷም ከዚያ በኋላ ነው ወደ እትዬ የዞረችው።

«እትዬ፣ ይቺን ቁልፍ ስንት ጊዜ ነክተዋታል?»

«የቷን? ይቺን የምታስጮኸውን? እኔ እንጃ ልጄ። እናንተ ስትሮጡ ትውላላችሁ፣ ለዚህም ደግሞ ለምን ትመጣላችሁ ብዬ... አርባ ዓመት ሙሉ ማሽን ሲጮህ የማጠፋው እኔ ነኝ። አንቺም ስትነኪያት አይቻለሁ።» ከዚያ የነርሷን ፊት አዩት፣ የራሳቸው ፊት ተለወጠ። «ምነው? እኔ ነኝ እንዴ?»

ነርሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት አልጋውን ዞራ በግራ በኩል ቆመች። ድምፅዋን ሳትጨምር «ጋሼ፣ ቀኝ ጆሮዎ ይሰማል?» አለቻቸው።

ባለወፍጮው ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዞሩ፣ ሳይጠመዘዙ፣ ጣራውን እያዩ መለሱ። «እሱ ከሞተሩ ጋር ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ? ወረቀቱ ላይ ያለው ምን ትበላለህ፣ ምን ያሳክክሃል ነው።» ቀጥለውም «ደግሞ ደንቆሮ ከሚሉኝ ኩሩ ቢሉኝ ይሻለኛል» አሉ።

«ወፍጮ ቤት ሁሌ በግራው ነው የምቆመው፣ በቀኙ ሞተሩ አለ» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «እዚህ ግን ወንበሩ ተከልሎ ሳገኘው... ሕጉ ነው ብዬ...»

ሲስተር ፕላስተር ወደ ወለሉ አየች። ነጭ አራት ማዕዘን። በገዛ እጇ፣ በገዛ ፕላስተሯ የሠራችው። ሁለት ቀን ሙሉ «ሚስታቸው ካሉ ዓይን አለላቸው» እያለች በጠያቂ ሰዓት ወደ ሌላው አልጋ የሄደችውም ራሷ ናት። ተንበረከከችና በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ፕላስተሩ አልላቀቅ ብሎ አስቸገራት፣ መቼም የራሷ ሥራ ነው፣ ጥሩ አድርጋ ነው የለጠፈችው።

«እርስዎ አይደሉም እትዬ» አለች እየላጠች። «እኔ ነኝ።»

የኦክስጅኑን ሲሊንደርና የመድኃኒቱን ጋሪ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወንበሯን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረች። ቱቦውን አንገታቸው ላይ እንዳይታጠፍ አድርጋ አሰረች። ማሽኑ ላይም «ሲጮህ አይነካ፣ እኔ ልጠራ» ብላ ለጠፈች። እትዬ አዲሱ ቦታቸው ላይ እጃቸውን ጭናቸው መሀል ቀብረው ተቀመጡ፤ እንኳን ማሽኑን አንሶላውን መንካት ፈሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሩ ስሪንጁን ይዞ መጣ። ከአልጋው ግርጌ ቆመ። እትዬ በፍርሃት ዝም ብለዋል።

«ያውሩ እንጂ!» አለቻቸው ነርሷ።

«ይፈቀዳል እንዴ?»

«ታዝዟል። በግራ በኩል፣ በቀን ሁለት ሰዓት።»

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የልብስ ሰፊው ልጅ ካቆመችበት ተነሣች፣ የመኪና ጠጋኙ እናት ገባች፣ ጥሎሹ ላይ ጭቅጭቅ ተፈጠረ። ባለወፍጮው ጣራውን እያዩ ይስቃሉ። አገጫቸው አልተነቃነቀም። ማሽኑ እየዞረ ነው። ዶክተሩ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሣ አንድ ሰዓት ቆመ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ነርሷ እንደምትለው ግማሹን ጊዜ የጥሎሹን ነገር ሊሰማ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሞልቶ የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ ግፊቱ ጠዋት ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

ስሪንጁን ትሪው ላይ መለሰው። «ሄፓሪኑን አስወግጂው» አላት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «እኔ ምንጭሽን ባውቀው አማካሪ ሐኪም አድርጌ እቀጥረው ነበር» አለ።

በዚያ ቀን የርክክብ መዝገብ ላይ ሲስተር ፕላስተር በጎላ ጽሑፍ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሁለቱ ማጣሪያዎች የረጉት ቱቦው እየታጠፈ ደሙ ስለቆመ ነው። ወንበሩን በማይሰሙበት በኩል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በጠያቂ ሰዓትም ከአልጋው አጠገብ አልነበርኩም።» የሥራ ጓደኞቿ አነበቡት፣ ማንም አልቀለደባትም። እስከ ማግስቱ ማለት ነው።

ማጣሪያዋ አንድ ቀን ኖረች። ሁለተኛውንም። ሁለተኛው ቀን ላይ እትዬ ወሬያቸውን አቋርጠው ከአልጋው በታች ጎንበስ አሉና «ኧረ! ኧረ ኑ!» ብለው ጮኹ። ክፍሉ ሁሉ ክፉ ነገር መስሎት ሮጠ። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ጣት የምትሆን ቢጫ ሽንት ተኝታለች። ዶክተሩ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት፣ እንደ ማር ነጋዴ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቷ ጣት ግማሽ ከረጢት ሆነች። እትዬ ለጠየቃቸው ሁሉ መጠኑን በእጃቸው እየለኩ ሲያሳዩ ዋሉ።

ሦስተኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የማጣሪያዋ ዕድሜ በሕጉ አልቆ ወረደች። አዲሱ ዕቃ በሰዓቱ ደርሶ ካርቶኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል፣ ነገር ግን ለባለወፍጮው የሚገጠም አላስፈለገም፤ ኩላሊታቸው ሥራውን ተረክቧል። ሲስተር ፕላስተር የውስጡን ደም ወደ ባለቤቱ መልሳ ማጣሪያዋን በመስኮቱ ብርሃን አየቻት። በውስጧ ደም የሚያልፍባቸው ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈካ ያሉ፣ ዳርና ዳር ላይ ብቻ ትንሽ ሮዝ ነገር አለባቸው። አንድም የጠቆረ የለም። መጣል አሳዘናት። ማሽኑን ስታጠፋው ክፍሉ ጸጥ አለ፣ እሷም ወደ ዕቃ ክፍል ገብታ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳትሠራ፣ ምንም ሳትለጥፍ፣ እግሯን ዘርግታ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ የበሽተኛ መቀበያ ቅጹ ላይ አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ጨመረች፦ «በየትኛው ጆሮ ይሰማሉ?»

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ አማቷ ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቋት። ዱቄት ቅንድባቸው ድረስ ደርሷል።

«ከወፍጮ ቤት ነው የመጣሁት» አሉ።

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ ወይ ትለኛለች! ዕድሜ ላንቺ፣ ‹በቀኝ የዘጋዎትን በግራ ይሞክሩት› ስትዪኝ ሰነበትሽ አይደል? በግራ ሄድኩበት። ሁለት ሰዓት አልለቀቀኝም! ሆዱን፣ ኩላሊቱን፣ ሽንቱን፣ ሁሉንም አጫወተኝ። ‹አንዲት ነርስ አለች፣ ያገኘችው ነገር ላይ ፕላስተር የምትለጥፍ፣ እሷ ናት ያተረፈችኝ› አለ።» ጣታቸውን ቀሰሩባት። «ይኸን ሁሉ ቀን! እኔ ፊት ለፊትሽ ስኳር እየገፋሁ! ሻይ እየጠጣሽ!»

ሲስተር ፕላስተር ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ማንቆርቆሪያውን አነሣችና ቀዳችላቸው። አማቷ ኩርፊያቸው አንድ ስኒ አልቆየም።

«እሺ እሱ ይቅር» አሉ ጠጋ ብለው። «የመጀመሪያዋ ለት ሽንቱ ስንት ነበር? እሱ ሦስት ጣት ነው ይላል፣ ሚስቱ ሁለት ናት ትላለች።»

«እኔ ምንም አላውቅም እማማ» አለች ነርሷ። «እሳቸውን ይጠይቋቸው። በግራ በኩል።»